አርባ ሺህ ፎቶና አንዲት ሚስት

ቅናት ያሳብዳል ሲባል እሰማ ነበር። እኔን አላሳበደኝም። በጠራራ ፀሐይ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ከነገመዱ ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ በወረታ ዋና መንገድ እንድሮጥ ብቻ ነው ያደረገኝ። ይህ ከእብደት ይለያል አይለይም፣ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እናንተው ፍረዱ።

ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ለሰው አርባ ነው የምለው፤ ሚስቴ ስንዱ ስታገባኝ ስንት እንደነበርሁ ስለምታውቅ ዝም ትላለች። ሥራዬ ፎቶ አንሺነት ነው። ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ እኔ ፊት ሳይቆም የተዳረ ሙሽራ የለም። የፎገራ ላሞች እንኳ ካሜራዬን ሲያዩ ቆመው መልካም ጎናቸውን ያዞሩልኝ ነበር። አላጋነንሁም፤ አንዷ ላም እንዲያውም ሁለት ጊዜ ዞራለች።

ዘመኑ ሁሉም ነገር በልማት ስም የሚጠራበት፣ አምስት ሰው ጥላ ሥር ከተቀመጠ አንዱ የአንድ ለአምስት መሪ የሚሆንበት ዘመን ነው። ኢንተርኔት ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሰወራል። ፎቶዎቼ ግን የትም አይሄዱም። የድሮዎቹ በፊልም፣ የኋለኞቹ በሲዲና በፍላሽ ሆነው በወተት ጣሳና በጫማ ካርቶን ተቀምጠዋል። አርባ ሺህ ናቸው እል ነበር፤ ቆጥሬ ሳይሆን አርባ ሺህ ሲባል አፍ ስለሚሞላ ነው። ሰው ሲጠይቀኝም ግንባሬን መታ መታ አድርጌ «ማውጫው እዚህ ውስጥ ነው» እል ነበር።

ይህን ማውጫ ያዋረዱብኝ የቁሐር ሚካኤሉ አቶ ዋሴ ናቸው። የሟች ታናሽ ወንድማቸውን ፎቶ ለሙት ዓመቱ ፈልገው መጡ። እኔ ሱቅ ዘግቼ ሁለት ቀን ጣሳና ካርቶን ስገለብጥ ከርሜ አገኘሁት። አሳድጌ፣ ፍሬም አግብቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ፍሬሙን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ።

«ሞላ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይህ ሰውየ ማነው?»

«ወንድምዎ ነዋ። ነፍሱን ይማረው።»

«እኔ ነኝ።»

ፎቶውን አየሁ፤ እሳቸውን አየሁ። ጉድ ፈላ።

«ጎረቤቱ ሁሉ አይቶ አለቀሰልኝ» አሉ። «ደግ ሰው ነበር ሲሉ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሞላ፣ አልሞትሁም።»

ስንዱ ከጀርባዬ ሆና እስክትታመም ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ እንባዋን ጠርጋ «አንተ ሰውየ፣ ማውጫህ ሸብቷል። ሌላ ዕቃ እንፈልግ» አለች። ፈልጋም አመጣች። ያመጣችው ዕቃ ሄኖክ ይባላል።

ሄኖክ ከአዲስ አበባ መጥቶ በከተማችን ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምር ወጣት ነው። ረጅም ነው። ጥርሱ ነጭ ነው። ትሕትናው ደግሞ ሰውን ያናድዳል፤ ብትሰድበው «እሺ ጋሼ» ይልሃል። እንዲህ ያለ ሰው ቤትህ ሲገባ ምን ብለህ ታባርረዋለህ?

«ጋሼ» አለኝ፣ «ፎቶዎቹ ከቤትዎ ሳይወጡ እዚሁ የሚፈለጉበት ነገር እንሥራ።»

«ኢንተርኔት ላይ አይጫኑም?» አልሁት፣ የማውቅ ለመምሰል።

«ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር ፎቶዎቹም አብረው ይጠፉብዎታል። ደግሞ የቁሐር ሙሽራ የማናውቀው አገር ሄዳ ምን ታደርጋለች?»

ይህችኛዋ አነጋገሩ ደስ አለችኝ። ደስ ስላለችኝ ይበልጥ ጠላሁት።

ኮሌጁ የጣለውን የሚመስል አሮጌ ኮምፒውተር አመጣ። ክዳን የለውም፤ ማራገቢያው ሲዞር የሩዝ መፈልፈያ ያስመስላል። በላዩ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም ለመምረጥ ሦስት ዓይነት ሞከረ። የመጀመሪያው ፎቶ የሚደረድረው በተነሣበት ቀን ነው። የእኔ ካሜራ ግን ባትሪው በወለቀ ቁጥር ቀኑን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፤ ስለዚህ በዚያ ፕሮግራም መሠረት የፎገራ ሕዝብ በሙሉ በአንድ ቀን ተድሮ፣ በዚያው ቀን ክርስትና ተነሥቶ፣ በዚያው ቀን ተመርቋል። ሁለተኛው ፊት እለያለሁ ይላል፤ ሆኖም ከኢንተርኔት ካልተማከረ የገዛ እናቱን አያውቅም። ሦስተኛው ያለ ማንም እርዳታ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ፊት ከፊት ያስተያያል፤ አንድ ጊዜ «ይህ ዋሴ ነው» ካልኸው ዋሴን ከየሠርጉ ለቅሞ ያመጣል። ዕቃም ይለያል። ሄኖክ የአማርኛ ቃል እንዲገባው አደረገው፤ «ታንኳ» ብለህ ስትጽፍ የጣና ታንኳ ሁሉ ይሰለፋል። «ላም» ስትለው የፎገራን ላም ሁሉ ያወጣና አንድ የድሮ የቀበሌ ሊቀመንበር ይጨምራል። ሩዝና ሣር ግን አይለይም። ይህን ስሰማ ለሳምንት ያህል በደስታ ኖርሁ፤ «የፎገራ ሩዝ የማይለይ ምን አዋቂ ነው!» እያልሁ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ደስታዬ አልበረከተም። የድሮዎቹን ፊልሞች ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ስንዱና ሄኖክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ ቀን ዋሉ። እሱ ያስገባል፣ እሷ የሰው ስም ትነግረዋለች። ይስቃሉ። እኔ ስጠጋ መሳቃቸውን ያቆማሉ፤ ወይም ያቆሙ ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ ደንበኛው ተለወጠብኝ።

«ስንዱ የለችም?» ይላል የመጣው ሁሉ።

«እኔ አለሁ።»

«አይ፣ ፎቶ ላስፈልግ ነበር። ስትመጣ እመለሳለሁ።»

ሃያ ዓመት በገዛሁት ስም፣ በገዛ ሱቄ፣ የሚስቴ ተላላኪ ሆንሁ። አቶ ዋሴ እንኳ የእውነተኛውን ወንድማቸውን ፎቶ ሻይ ሳይጠጡ አግኝተው፣ ስንዱን መርቀው፣ ሄኖክን መርቀው፣ እኔን «እንዴት ነህ» ብለውኝ ብቻ ሄዱ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

ስንዱ ሩዝ ልታስፈለፍል ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ሱቁ ጭር ብሏል። እኔና ያ ሳጥን ብቻችንን ቀረን። «ና እስቲ» አልሁት፣ «ዛሬ አንተን አላዋርድም?» በመፈለጊያው ላይ ሩዝ ልጽፍበት ጫን ሳደርግ ከሥሩ ቀደም ብለው የተፈለጉ ቃላት ተዘርግፈው ወረዱ።

ስንዱ።
ስንዱ ልጅ።
ስንዱ ሠርግ።
ስንዱ ቀሚስ።
ስንዱ።
ስንዱ።

ጆሮዬ ውስጥ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ሰማሁት። ማነው የኔን ሚስት እንዲህ ደጋግሞ የሚፈልግ? ስንዱ ራሷ እንደማትሆን እርግጠኛ ነበርሁ፤ ሰው ራሱን ምን ብሎ ይፈልጋል፣ መስታወት እያለ? የቀረው አንድ ነው። ረጅሙ። ጥርሰ ነጩ።

«ስንዱ» የሚለውን ተጫንሁት። አንዲት ፎቶ ብቻ ወጣች፤ የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ። ያቺን ፎቶ ያነሣኋት እኔ አይደለሁም። ያን ጊዜ የሠርግ ወር ሆኖ ስላልተመቸኝ አዲስ ዘመን ከተማ ሄዳ ሌላ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተነሥታ ነው የመጣችው። መታወቂያው የሚቀመጠው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። እንዴት እዚህ ገባ? «ስንዱ ልጅ» የሚለውን ተጫንሁ። «ምንም አልተገኘም» አለ። «ስንዱ ሠርግ።» ምንም አልተገኘም።

እዚህ ላይ አእምሮዬ እንዴት እንደሠራ ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሃያ ዓመት ፎቶ ያነሣሁ ሰው የሚስቴን ፎቶ አላነሣሁም ብዬ እንዴት ላስብ? አንሥቻለሁ። መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ አንሥቻለሁ። ታዲያ የት ሄዱ? ተሰርቀዋል። ሄኖክ የሚስቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ራሱ ወስዶ፣ ከዚህ አጥፍቷቸዋል። አለቀ። ዳኛም ምስክርም እኔው ነኝ።

ገመዱን ነቀልሁ። ሳጥኑን አቅፌ ጋቢዬን ደረብሁበትና ወጣሁ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሰው አይቶኛል።

«ሞላ፣ በግ ገዛህ እንዴ?» አለኝ የጎማ ጠጋኙ።

«አዎ።»

«ገመዱ የኮረንቲ ነው።»

«የዘመኑ በግ ነው» አልሁና አለፍሁ። ንዴትም ሆኖ ቀልድ አይለቀኝም፤ እርግማን ነው።

ሄኖክ የተከራያት ክፍል ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበ አገኘሁት። ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እጁን አራግፎ ተነሣ።

«ጋሼ፣ በደህና? ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የሚስቴን ፎቶ መልስ።»

«የቱን ፎቶ?»

«ሁሉንም። አርባ ሺህ ፎቶ ውስጥ ሚስቴን ብቻ መርጠህ የወሰድኸውን ሁሉ።» ሳጥኑን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥሁ። «ዛሬ ካልመለስህ እኔም አንተም እዚህ ከተማ አብረን አንኖርም። እሷንም... እሷንም እንዲያው...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስሁትም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስንዱን ከቤቴ አስወጣለሁ ብዬ እንዳሰብሁ ራሴም አላውቅም ነበር። አፌ ግን ሊለው ተዘጋጅቶ ነበር።

ልጁ አልተቆጣም። ሳጥኑን አንሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አገናኘው። ጠረጴዛው ላይ ሳጥኑ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ማን ምን እንደፈለገ ይመዘገባል» አለኝ ጣቱን እየጠቆመ። «ይኸው። እነዚህ ሁሉ ከሳጥኑ ጋር ካገናኘሁት ከእትዬ ስንዱ ስልክ ነው የተፈለጉት። ይኸኛው እሁድ ጠዋት፣ እርስዎ ቅዳሴ ሄደው ሳለ። ከእኔ የተፈለገ አንድም የለም።»

«እሷ ራሷን?»

«አዎ።»

«የመታወቂያዋስ ፎቶ?»

«ፊቷን እንዲለይ ከሱ ላይ አስተማርነው። ሌላ አልነበረማ።»

«ለምንድን ነው የምትፈልገው?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት። እንዳልናገር አስምላኛለች።»

በሉ እንግዲህ። ልቤ ትንሽ በርዳ ነበር፤ ይህችን ስሰማ እንደገና ነደደች። ሚስቴና ይህ ጥርስ የጋራ ምስጢር አላቸው። ከገዛ ሚስቴ ጋር መሐላ! ምን እንደምለው ሳስብ የግቢው በር ተበርግዶ ስንዱ ገባች። ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ሳጥኑን ብታጣው ሌባ የገባ መስሏት እየሮጠች ነው የመጣችው። ፀጉሯና ሽፋሽፍቷ በሩዝ ገለባ ዱቄት ነጥቷል።

«ሄኖክ፣ ተሰረቅን» ብላ ጀመረችና እኔን አየችኝ። ሳጥኑን አየች። ጋቢዬን አየች። ምንም አልነገርናትም፤ ገባት።

«አንተ ነህ ሌባው?»

«ሌባውን ፍለጋ ነው የመጣሁ» አልሁ። «አርባ ሺህ ፎቶ ውስጥ ያንቺ ብቻ የለም። የት ሄደ?»

በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። መልስ ከመስጠቷ በፊት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ሜሮን ናት የጠየቀችኝ» አለች። ሜሮን አንድያ ልጃችን ናት፤ ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። «ዶርም ውስጥ ሁሉም የእናቱን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፏል አለችኝ። እማ፣ ትንሽ ሳለሁ አንቺ ያቀፍሽኝ አንድ ፎቶ ላኪልኝ አለች። የፎቶ አንሺ ልጅ አይደለች፣ መቶ ያለን መስሏታል። ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። የለሁም ሞላ።»

«የሠርጋችንስ?»

«የሠርጋችን ጎርፍ ሲገባ እናቴ ቤት ረጥቦ ወረቀቱ ብቻ አልቀረም? ረሳኸው?»

አልረሳሁም። በኋላ ደግሜ አነሣሻለሁ ብዬ ነበር። እሱን ነው የረሳሁት።

«ታዲያ ለምን ከኔ ደበቃችሁ?»

«እንዳታፍር ብዬ ነዋ» አለች። «እሱ ፊት እንዳታፍር።»

ቁጣ ብትቆጣኝ እችለው ነበር፤ ስድብም ለምጃለሁ። ይህችን ግን ምኗን ልያዛት? እኔ በቅናት ልጥላት ስሮጥ እሷ ለክብሬ መሐላ ታስምልልኛለች።

ሽንፈት ግን አላውቅም። «ወዲያ በል» ብዬ ሄኖክን ከወንበሩ አስነሣሁና እኔ ተቀመጥሁ። «አለሽ! ይህ የሩዝ መፈልፈያ አላወቀሽም እንጂ አለሽ። ቆይ።»

የድሮ የገጠር ሠርጎችን ከፈትሁ። ገጠር ስንወጣ ሁልጊዜ ሰማያዊ የጨርቅ መጋረጃ እንይዝ ነበር፤ ሙሽሮች ከጭድ ክምር ፊት መነሣት አይወዱም። መጋረጃውን የሚሰቅሉበት ግድግዳ ስለሌለ አንድ ሰው ከጀርባ በርጩማ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ያ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ስንዱ ናት።

«ይህን አየሽ?» አልሁ። ሙሽሪትና ሙሽራው ተኮፍሰው ቆመዋል። ከራሳቸው በላይ፣ በጨርቁ ጫፍ፣ በስተግራ አራት ጣቶች፣ በስተቀኝ አራት ጣቶች። «የግራዋ ሌባ ጣት ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀች ናት። ማጭድ ያገኘሽ ዓመት። ይኸው። ይህም አንቺ ነሽ። ይህም። እዚህ የወርቅ ቀለበትሽ አለ፤ እዚህ ሸጠነዋል። እዚህ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣትሽ ቀልቷል።»

ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከክርስትና ወደ ክርስትና አለፍሁ። ሳጥኑ አንዴም ያላገኛትን ሴት እኔ በየፎቶው አገኘኋት። አንድም አልሳትሁም። ማሸነፌ ነበር። እያሸነፍሁ ድምፄ ለምን እንደሚቀንስ መጀመሪያ አልገባኝም። ስንዱ ከጀርባዬ መጥታ ቆማለች። ሄኖክም የዘፈዘፈውን ልብሱን ረስቷል።

ከዚያ አንዷ ላይ ቆምሁ። የቁሐር ሠርግ ናት። ነፋስ ነበር፤ ጨርቁ በጎን ተገልጧል። ከላይ ጣቶቿ አሉ። ከጎን፣ ጨርቁ በተገለጠበት ቦታ፣ በወገቧ በኩል አንዲት ትንሽ ባዶ እግር ተንጠልጥላለች። አንድ ዓመት ያልሞላት እግር።

«ሜሮንን አዝዬ ነበር» አለች ስንዱ። «ያን ቀን ጥርስ እያወጣች ስታለቅስ ዋለች። አንተ፣ ዝም አስብያት፣ ሙሽሪት ተረበሸች አልኸኝ።»

ብያለሁ። የእናትና ልጅ ፎቶ የተባለው ይኸው ነው፤ አሥር ጣት የማይሞላ እናትና አንድ እግር ልጅ።

በመጨረሻ ካሜራዬን ከቤት ላምጣና ላንሳሽ አልኋት፤ አሁኑኑ፣ እንዲሁ።

«መጋረጃውን ማን ይይዝልኛል?» አለች።

ቀልድ አልነበረም። ሃያ ዓመት የሠራችውን ሥራ ነው የጠየቀችኝ። ሄኖክን አየሁት። ሄኖክ ረጅም ነው፤ መጋረጃ ለመያዝ የተፈጠረ ነው። ግን ተነሥቼ ወጣሁና ከገመዱ ላይ የሱን አንሶላ፣ አዎ፣ የዚያን የጥርሰ ነጭ አንሶላ፣ እርጥቡን አወረድሁ። በርጩማ ላይ ወጣሁ። ከፍ አድርጌ ያዝሁት። ውሃው በክንዴ ወርዶ ብብቴ ገባ። ሄኖክ በስልኩ ሊያነሣት ቆመ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ጣትዎ ይታያል።»

«ተወው» አለች ስንዱ ከአንሶላው ወዲያ። «ይታይ።»

እንዴት እንደቆመች አላየሁም። ትሳቅ፣ ትኮሳተር፣ ገለባውን ከፀጉሯ ታራግፍ፣ አላየሁም። የኔ ድርሻ ነጭ ጨርቅና የሳሙና ሽታ ነበር። የሚስቴን የመጀመሪያ ደህና ፎቶ ያነሣው እኔ የቀናሁበት ሰውየ ነው፤ እኔ በሁለት እጄ ይዤለት።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱንም ፎቶ ለሜሮን ላክንላት። እግሯን አይታ ስልክ ደወለች፤ ከእናቷ ጋር ረጅም ሰዓት አወሩ፤ «አባባን አቅርቢልኝ» ሳትል ዘጋች። ቀናሁ። በየጣቷ ላይ ስሟን ስለጻፍሁበት ሳጥኑ አሁን «ስንዱ» ሲሉት ፎቶ በፎቶ ያደርገናል፤ «ሞላ» ሲሉት ምንም አልተገኘም ይላል። በዚህም ቀናሁ። ቅናት እኮ አይለቅም ወዳጆቼ፤ መንገዱን ብቻ ነው የሚቀይረው። ዛሬ የምቀናው በነዚያ ሁሉ ሙሽሮች ነው፤ ሚስቴ ልጅ አዝላ፣ ክንዷ እየዛለ፣ እነሱ እንዲያምሩ የቆመችላቸው ናቸዋ። እናንተም ቤታችሁ ያለውን አልበም ግለጡና ከጠርዙ ላይ ጣት ፈልጉ። ፊት ሲሆን ሳጥኑም ያገኝላችኋል።

ሥራችንንም ተለዋወጥን። ገጠር ስንወጣ ካሜራውን የምትይዘው ስንዱ ናት፤ መጋረጃውን የምይዘው እኔ። ጨርቅ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ከሁለት ሠርግ በኋላ ትከሻዬ አንድ ኩንታል ሩዝ የተሸከመ ነው የሚመስለው። ከጀርባ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም፤ ይሰማል እንጂ። ስንዱ ሙሽሪትን ለማሳቅ የላሟንና የሊቀመንበሩን፣ የአቶ ዋሴን የልቅሶ ነገር ትነግራለች፤ ሠርገኛው በሳቅ ይፈርሳል። ቀልዶቹ የኔ ናቸው። ከኔ አሳምራ ትነግራቸዋለች።